ጥቁር ካፖርት ይዤ ወደ ኮሎምበስ

ከኦሃዮ ከተመለስኩ ወዲህ ድሬዳዋ ያለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ሰው አጥታ አታውቅም። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣው ግን ጥቂቱ ነው። ሌላው የሚመጣው «እስኪ ሂሩት፣ አሜሪካ ምን አየሽ?» ሊለኝ ነው። ፎቅ አየሁ፣ ባሕር አየሁ እንድል ይጠብቃሉ። ያየሁት በአብዛኛው በብርድ ልብስ የተሸፈነ መስኮትና ከመስኮቱ ሥር የሚተኛ ወንድሜን ነው ስላቸው አያምኑኝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ እንካ አንብብ ልበለው አልኩ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ታናሽ ወንድሜ ኤርሚያስ ዲቪ ደርሶት ኮሎምበስ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። እዚህ ሰፈራችን ውስጥ ሳቁ ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ልጅ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ስልክ ማንሳት ቀነሰ። ኅዳር ላይ ሲያነሳም «ደህና ነኝ፣ ደክሞኝ ነው» ብቻ ሆነ። ለገና ጭራሽ አላነሳም። እማዬ የበዓሉን ምግብ ሳትነካው ወደ እኔ ዞረችና «ድምፁን አላምነውም። ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽው ነይ። ካልሆነም ይዘሽው ነይ» አለችኝ።

ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ብዬ አውጥቼው ሳልሄድበት የቀረሁት ቪዛ ጊዜው ገና አላለፈም ነበር። ከኤርሚያስ ጋር አንድ አፓርታማ ለሚጋራው ለጀማል ደወልኩለት። ጀማል የኛው የድሬ ልጅ ነው፤ እዚያ በራሱ መኪና ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ለኤርሚያስ እንዳልነግረው መከረኝ፤ ከነገርሽው አትምጪ ይልሻል አለ። እኔም ዝም ብዬ ሄድኩ። ስህተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ

ድሬዳዋ ውስጥ ካፖርት መፈለግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቃላችሁ። የኛ ብርድ ማታ ላይ ነጠላ ካስደረበ ትልቅ ነገር ነው። ታይዋን ገበያን ዞሬ ዞሬ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። ሻጩ ለበረዶ የተሠራ ነው ብሎ ማለልኝ፤ እሱ ግን በረዶ የሚያውቀው ለስላሳ ሲጠጣ ብቻ ነው። እጅጌውን አሳጠርኩ፣ ገበሩን ደረብኩ፣ ከሱ ጋር የሚሄድ ብዬም ጥቁር ሻርፕ ገዛሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና ቀለም ካልተስማማ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ጥቁር በጥቁር አስታውሱልኝ።

እማዬ አየር ማረፊያ ድረስ መጥታ ለኤርሚያስ ጣፋጭ ሐላዋ በፌስታል ሰጠችኝ። ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከተነሳን ጀምሮ እስክናርፍ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኛ ከድሬ ሐረር በሚኒባስ ስንሄድ እንኳ መንገድ ላይ ያለችው ደንገጎ ሳንደርስ የሰውየውን የልጆቹን ስም እናውቃለን።

እሁድ

ዋሽንግተን ላይ ፈታሹ ሐላዋውን እያገላበጠ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እንግሊዝኛው ስላልመጣልኝ ከዳር ቆርሼ በላሁለት። ሳቀና አሳለፈኝ። ከሳሎን ብዙ በማትበልጥ አውሮፕላን ኮሎምበስ ገባሁ።

ጀማል ሲቀበለኝ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልሞላም፤ ውጪው ግን ጭልም ብሏል። ቆሜ ሰዓቴን አየሁ። ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት እኮ ሰው ፊቱን ታጥቦ ወደ ውጪ መውጣት የሚጀምርበት ነው። ወንበር ደጅ ይወጣል፣ ሻይ ይፈላል፣ ሐሜት ይጀመራል። እዚህ ሁሉም ገብቶ ዘግቷል። ከአየር ማረፊያው እነሱ እስከሚኖሩበት ሰፈር እስከ ዋይትሆል ሩቅ አይደለም፤ በመንገዱ ሁሉ በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው አላየሁም።

ኤርሚያስ ሥራ ሄዷል። ሂሊያርድ በሚባል በከተማው በወዲያኛው ጫፍ ባለ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል። ጀማል ክፍሉን አሳየኝ። መሬት ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ አጠገብ የሰነበተ ሳህን፣ መስኮቱ ላይ በምስማር የተመታ ቡናማ ብርድ ልብስ። እኔ የማውቀው ኤርሚያስ ሸሚዙን ሳያስተኩስ ሱቅ የማይሄድ ልጅ ነበር።

«በጨለማ ይወጣል፣ በጨለማ ይገባል» አለኝ ጀማል። «ዌርሃውሱ ደግሞ መስኮት የለውም። ኦፍ ቀኑን ሙሉውን ይተኛል። ምግብ ሠርቼ ና ስለው በኋላ ይለኛል። ዊንተር ለሁላችንም ይከብዳል እትዬ ሂሩት፣ እኔ ግን ድራይቭ ስለማደርግ ቢያንስ ሰው አያለሁ። እሱ ከኖቬምበር ጀምሮ ፀሐይ ያየ አይመስለኝም።»

ሐላዋውን ፍራሹ አጠገብ አስቀመጥኩና በጀማል አልጋ ላይ ተኛሁ፤ እሱ ሶፋው ላይ። ማሞቂያው ያቃስታል እንጂ አያሞቅም።

ሰኞ

ጀማል ደግ ልጅ ነው። ደግነቱ ነው ጉድ ያፈላው። እንግዳ መጥታ ያለ ሰው መቀበል ነውር ነው ብሎ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን እትዬ ወርቅነሽንና ባላቸውን ጋሼ ተስፋዬን፣ ከዚያም ከግቢው ሌሎች ሁለት ሰዎች ጠርቷል። ሁሉም ሥራ ስላላቸው የሚመቻቸው ሰዓት ማለዳ ብቻ ነው። እትዬ ወርቅነሽ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከቡ፣ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ድምፀ መልካም ሴት ናቸው። እንግዶቹ ሁሉ ሳይነጋ መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ግድግዳው ስስ ስለሆነና ጎረቤት ስለሚቆጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። እኔ መሐል ተቀምጫለሁ፤ በርዶኛልና ካፖርቴን አላወለቅኩም፣ ሻርፔንም ተከናንቤያለሁ።

እንግዲህ በሩ ሲከፈት ኤርሚያስ ያየው ይህን ነው። ገና አልነጋም። ሽማግሌ ያሉበት ሰው ግድግዳ ጥግ ተደርድሮ ዝም ብሏል። ባሕር ማዶ ያለች እህቱ ሳትናገር መጥታ፣ ጥቁር ለብሳ መሐላቸው ቁጭ ብላለች። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አላስረዳም።

የምሳ ቦርሳው ከእጁ ወደቀ። «እማዬን?» አለ ቀስ ብሎ፣ ልክ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። ተነስቼ አቀፍኩት። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን በክንዴ ውስጥ የገባው ሰው አጥንት ብቻ ሆኖ ሳገኘው ቃሉ ጠፋኝና ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈልጋል? ጮኸ። መሬት ላይ ወድቆ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ጋሼ ተስፋዬ ደግሞ ነገሩን ሳያጣሩ የመጡ ናቸውና መርዶ መሆኑን አሁን ገና ያወቁ መስሏቸው፣ ትከሻውን ይዘው እግዚአብሔር ያጽናህ ይሉት ጀመር።

ጀማል ነው ማንም አልሞተም እያለ መሐላችን የገባው። የሚሰማው አጣ። በመጨረሻ ለእማዬ ደወለና ስልኩን ኤርሚያስ ጆሮ ላይ ለጠፈው። እዚህ ድሬ ከሰዓት ነበር፤ እማዬ ጋደም ካለችበት ነው ያነሳችው።

«ኤርሚ? ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?» አለች።

«አንቺን ነው» አላት።

«እኔን? እኔማ አሁን ምሳዬን በልቼ ጋደም ማለቴ ነው።»

ስልኩን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። እማዬ ደረቱ ላይ ሆና ሃሎ ሃሎ ትላለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጩኸቱን የሰማ አንድ ሐበሻ ለሌላው ደውሎ፣ ሌላው ለሌላው ጽፎ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ሰው በድስት በድስት ወጥ ይዞ መምጣት ጀመረ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ የመጣ አለ። ጥቁር ነጠላ ያደረገች ሴት አለች። በሩ ላይ ቆሜ ማንም አልሞተም፣ ይቅርታ አድርጉልን እያልኩ ላቤ ወረደ፤ በኦሃዮ ያላበኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዎቹ ሊመለሱ ሲሉ እትዬ ወርቅነሽ ከውስጥ «ግቡ እንጂ» አሉ። «መጥታችኋል እኮ። ሰው ካልሞተ አብረን አንቀመጥም የሚል ሕግ አለ?»

ገቡ። ተቀመጡ። እትዬ ወርቅነሽ ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው ለኤርሚያስ ጠቀለሉለት፤ እምቢ ሲል ለእናትህ ስትል አሉት። በላ። አብሯቸው የመጣች ልጃቸው ማን ሞተ ብላ ጠየቀቻቸው። ማንም አሏት። ታዲያ ለምን ትበላላችሁ ብላ በእንግሊዝኛ መለሰች፤ ያኔ ኤርሚያስ በአፍንጫው ትንፍ አለ። ሳቅ ልበለው።

ማክሰኞ

ትናንት ያን ሁሉ ሰው የያዘ ቤት ዛሬ ጭር አለ። ሁሉም ሥራው ገባ። የድሬ ለቅሶ ቢሆን ድንኳኑ ገና በሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ካርታ ይዘው የሚያድሩ ጎረምሶች ይኖሩ ነበር።

ኤርሚያስ ሻይ እየጠጣ ወለሉን እያየ አንድ ነገር ነገረኝ። እንደሰማሁት ልጻፈው።

«ትናንት እማዬ ሞታለች ብዬ ሳስብ መጀመሪያ የመጣልኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ እቴቴ? እዚህ ሰው ሲሞትብሽ ሥራ ቦታ ኦፍ ይሰጡሻል። አሁን እተኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ነው የጮኽኩት። ለእሷ አይደለም። ምን ሆኜ ነው ብዬ ፈርቼ ነው።»

ጭንቅላቱን ዳበስኩት፤ ፀጉሩ ሳይቆረጥ ሰንብቷል። ማታ ሥራው ሄደ። እማዬ ድምፁን አላምነውም ያለችው ይህንን ነበር ለካ ብዬ ፈራሁ።

ረቡዕ እና ሐሙስ

እነዚህን ሁለት ቀናት ለይቼ መጻፍ አልችልም፤ አንድ ናቸው። ሰማዩ የተልባ ውሃ ይመስላል። ወንድሜ ይተኛል፣ ጀማል ይነዳል፣ እኔ በእግሬ ጣት ጫፍ እሄዳለሁ። አባታችን የምድር ባቡር የሌሊት ሠራተኛ ስለነበር ያደግነው በጣታችን ጫፍ እየሄድን ነው። ከሌሊት ሥራ የገባ ሰው አይቀሰቀስም፤ በቤታችን ከጸሎት ቀጥሎ የተማርነው ሕግ ይህ ነው። ስለዚህ ውሃ እንኳ ስቀዳ ቧንቧውን በስሱ ነበር የምከፍተው።

ረቡዕ ትንሽ ልራመድ ብዬ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ የሕንፃውን ደረጃ እየዞሩ ጨው ይበትናሉ። የአፋርን ጨው በግመል የሚጠብቅ አገር ሰው ነኝና ክው ብዬ አየሁ። በረዶ እንዲያቀልጥ መሆኑን የገባኝ ጨው ያልደረሰበትን ረግጬ ፊታቸው ከተዘረጋሁ በኋላ ነው። አንስተውኝ፣ ካፖርቴን አራግፈውልኝ፣ ከዚያ እስከ መንገዱ ድረስ ከፊት ከፊቴ ጨው እየበተኑ ሸኙኝ። አንድ ቃል አልተግባባንም። በእነዚያ ሁለት ቀናት ያገኘሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሐሙስ ደግሞ ፈልጌ አጣኋቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፊቴን እንዳልታጠብኩ አወቅኩ። ትናንት የለበስኩትን ለብሻለሁ። ርቦኛል፤ ተነስቶ መብላት ግን እንደ ተራራ ታየኝ። እማዬ ስትደውል ስልኩን እያየሁት ጮኾ ጮኾ አቆመ። ኋላ እደውላለሁ አልኩ። እኔ፣ ሂሩት፣ ሱቄ ውስጥ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የማዋራ። በዚያ ቤት ስንት ቀን ብቆይ ነው እንዲህ የያዘኝ ብዬ ደነገጥኩ። ወንድሜ ለምን ስልክ እንደማያነሳ ያን ቀን ገባኝ።

ዓርብ

እትዬ ወርቅነሽ አንኳኩተው ተነሽ፣ ከኔ ጋር ትውያለሽ አሉኝ። የሚንከባከቧቸው አሮጊት ክሊንተንቪል ነው የሚኖሩት፤ ዛፍ የበዛበት፣ የቆዩ ቤቶች ያሉበት ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። አሮጊቷ ቁርስ ሲበሉ ፊታቸው እንደ መጽሐፍ የቆመ ደማቅ መብራት ይበራል። የፀሐይ ምትክ ነው አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ። እኔን ያስገረመኝ ግን እሱ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ አሮጊቷ እያጉረመረሙ፣ ሁሉንም እየረገሙ ቦት ጫማቸውን አደረጉ። ሦስታችን ተያይዘን እስከ ዋናው ጎዳና ሄደን ተመለስን። ሲመለሱ ጉንጫቸው ቀልቶ ሾርባቸውን ጨረሱ።

«አየሻት? ሁልጊዜ አልፈልግም ትላለች» አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ። «እኔም የመጀመሪያው ዊንተር ላይ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና አጥፍቼ አለቅስ ነበር። ደስ ሲለኝ እወጣለሁ ብዬ ብጠብቅ እስካሁን እዚያው ነበርኩ። መጀመሪያ ጫማሽን ነው የምታደርጊው። ወንድምሽን ቀስቅሺው።»

«ሌሊት የሠራ ሰው እንዴት ይቀሰቀሳል?» አልኳቸው።

«ተባረኪ፣ እሱ እንቅልፍ አይደለም እኮ የተኛው» አሉኝ።

ቅዳሜ

ሻይ እየቀዳሁ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጥላዬን አየሁ። ከመጣሁ ጥላ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ሰው መሰለኝ። ቀና ስል ፀሐይ ወጥታለች። በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ትወጋለች።

ኤርሚያስ ከገባ ገና ጥቂት ሰዓቱ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ ከመቃብር ተነስቶ የሚቆጣኝ መሰለኝ። ከዚያ ገባሁና ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ በሁለት እጄ ጎትቼ ቀደድኩት። ልብስ ቀድጄ አላውቅም፤ ሥራዬ መስፋት ነው።

ተቆጣ። እንዲያ ሲናገረኝ የመጀመሪያው ነው፤ ማን ጠራሽ አለኝ፣ ሂጂ አገርሽ ግቢ አለኝ። ጫማውን ፊቱ አስቀመጥኩ። «እሄዳለሁ። አሁን ግን ተነስ፣ ፀሐይ ናት» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ጫማውን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ከክፍሉ ብወጣ ተመልሶ እንቅልፉ ውስጥ እንደሚሰጥም አውቄዋለሁ። ብዙ ቆይቶ፣ እየተሳደበ ተነሳ። ቅርብ ያገኘውን የኔን ጥቁር ካፖርት ለበሰ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ነፋስ የማይመታው የጡብ ግድግዳ አለ። ጀርባችንን ለሱ ሰጥተን ቆምን። ድሬ ላይ ከፀሐይ ሽሽት ጥላ ለጥላ የምንሄድ ሰዎች፣ ዓይናችንን ጨፍነን ፊታችንን አንጋጠን እንደ እንሽላሊት ቆምን። ጀማል መኪናውን አቁሞ መጣና ምንም ሳይጠይቅ አጠገባችን ቆመ። ኤርሚያስ «ሞቀኝ» አለ። እሱን ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን አለቀስኩ፤ በዚህ ጊዜ ማንም መርዶ አልመሰለውም።

የቀሩት ቀናት

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። እሁድ ግን ፀሐይዋ ጠፋች፤ እስክመለስም አላየኋት። ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ቀሰቀስኩት፣ ጫማውን ያዝኩለት፣ ወጣን። ሰኞ ወጣን። ማክሰኞ አልነሳም ብሎኝ ተሸነፍኩ፤ ብቻዬን ዞሬ መጣሁ። ረቡዕ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። ሐላዋውን በጉዟችን ላይ እየቆረስን ጨረስነው። ወደ ቀን ሥራ እንዲያዛውሩት ጠይቋል፤ ቦታ ሲኖር እንነግርሃለን ብለውታል።

እማዬ ካልሆነ ይዘሽው ነይ ብላኝ ነበርና ከመሄዴ በፊት እንሂድ አልኩት።

«እንዲህ ሆኜ ድሬ ብሄድ እዚያም መስኮት ነው የምሸፍነው» አለኝ። «መጀመሪያ ልነሳ።»

አየር ማረፊያ ሲሸኘኝ ካፖርቱን ለሱ ተውኩለትና እየተንቀጠቀጥኩ ተሰለፍኩ። «ሌላ ጊዜ ስትመጪ ኮል አድርጊ» አለኝ ከኋላዬ። «ነጭም ልበሺ።» ዞሬ ሳየው ፊቱ ላይ ሳቅ ነገር ነበር፤ ካፖርቱ ውስጥ ግን ትከሻው ገና አልሞላም። በመስታወቱ ወዲያ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ቤት

እማዬ የራሷን ለቅሶ ከእኔ አፍ ስትሰማ በጣም ደስ ብሏታል። ማን መጣ፣ ማን ምን ይዞ መጣ፣ ጥቁር የለበሰችው ማን ናት፣ ሁሉንም ጠይቃኛለች። ለጎረቤት ሁሉ በቁሜ ተለቀሰልኝ እያለች ታወራለች። ለብቻችን ስንሆን ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እህል ቀመሰ?» በልቷል አልኳት።

አሁን በሱ እኩለ ቀን፣ በኛ ማታ ይደውላል። ሁልጊዜ አይደለም። የማይደውልባቸው ቀናት አሉ፤ ያኔ እማዬ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ታመሻለች፣ እኔም የመስኮቱን ብርድ ልብስ አስባለሁ። ትናንት ደወለ። እኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ግቢው ድቅድቅ ብሎ ነበር። ቪዲዮው ሲከፈት የመኪና ማቆሚያው፣ ግራጫው ሰማይና ጥቁሩ ካፖርት ታዩ። የስልኩ ብርሃን የእማዬን ፊት አበራው።

«እማ፣ ምነው ጨለማ ውስጥ ተቀመጥሽ?» አላት።

«እኛ ጋ መሽቶ ነው» አለችው። «አንተ ጋ ቀን ነው። አትቁም፣ ተራመድ።»

ተራመደ። እኛም ጨለማው ውስጥ ተቀምጠን ሲራመድ አየነው።